የጤና ቡድን መሪነት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በአራዳ ወይም በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ወደሚገኝ የመንግሥት ጤና ጣቢያ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የካርድ ክፍሉን ሰልፍ ነው። ሕፃን ያዘለች እናት፣ ከዘራ የተደገፉ አባት፣ ከሥራ አስፈቅዶ የመጣ ወጣት አለ። ሰልፉ ለምን እንደማይንቀሳቀስ ብትጠይቁ ታካሚው «ሠራተኛ የለም»፣ ሠራተኛው «ዕቃ አልተሟላም»፣ ኃላፊው ደግሞ «በጀት የለም» ይሏችኋል። ሦስቱም የሚያዩትን ነው የሚናገሩት። እኔ በእነዚህ ግቢዎች ነርስ፣ የክፍል አስተባባሪ፣ በኋላም ኃላፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። በነዚያ ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት አራተኛ ምክንያት አለ፤ ሰልፉን «የእኛ ችግር ነው» ብሎ የያዘው ቡድን የለም። እንዲህ ያለ ቡድን እንዳይፈጠር የሚያደርጉት ደግሞ ስለ መሪነት ተቀብለናቸው የምንኖር አንዳንድ አመለካከቶች ናቸው።

«ጎበዝ ሐኪም ጎበዝ ኃላፊ ይሆናል»

በክፍሉ የተመሰገነ ሐኪም ወይም ነርስ አንድ ቀን የሹመት ደብዳቤ ይደርሰዋል። በማግስቱ የግዢ መጠየቂያው፣ የሠራተኛ አቤቱታው፣ የተረኛ ፕሮግራሙ፣ የሩብ ዓመት ዕቅዱ ጠረጴዛው ላይ ይቆለላል። የሕክምና ትምህርት ፊት ለፊት ስለተቀመጠ አንድ ታካሚ መወሰንን በሚገባ ያስተምራል። ኃላፊ ግን ስላላያቸው መቶ ታካሚዎችና በሌላ ሰው እጅ ስለሚሠራ ሥራ ነው የሚወስነው፤ ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ መማርም ይፈልጋል። አገራችን ሆስፒታሎች በዋና ሥራ አስፈጻሚ እንዲመሩ ስትወስን፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲም ከአሜሪካው የል ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የሆስፒታል አስተዳደር የማስተርስ ትምህርት ሲከፍት የታሰበው ይኸው ነበር። የጤና ጣቢያ ኃላፊ ግን በአብዛኛው አሁንም ያለ በቂ ዝግጅት ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ብዙ ጥሩ ባለሙያዎች በዚህ ምክንያት ተሰብረው ሲወጡ አይቻለሁ፤ የነሱ ጥፋት አልነበረም።

«መምራት የወንበሩ ሥራ ነው»

በሠራሁበት አንድ ጤና ጣቢያ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው የካርድ ክፍል ባልደረባ ነበሩን። አንድ ጠዋት ስብሰባ ላይ እጃቸውን አውጥተው፣ «ሰልፉን የሚያስረዝመው የስኳርና የደም ግፊት ተከታታዮችን ካርድ ፍለጋ ነው። የነገ ቀጠሮ ያላቸው እነማን እንደሆኑ መዝገቡ ላይ እያለ ጠዋት ለምን እንፈልጋለን? ከሰዓት በኋላ እናውጣው» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የማግስቱ ባለቀጠሮዎች ካርድ በዋዜማው እየወጣ ማደር ጀመረ። ችግሩን ለይቶ ማየት፣ መፍትሔ ማቅረብ፣ ሌሎችን ማሳመንና ሥራውን ዳር ማድረስ፣ ይህ ሁሉ መምራት ነው። እትዬ ይህን ያደረጉት ያለ ሹመት ነው። ከኃላፊው የሚጠበቀው እንዲህ ያለ ሰው የሚናገርበትን መድረክ መክፈትና የተባለውን መስማት ነው።

«ሥልጠና ከተሰጠ ክህሎቱ ተገኘ»

ታካሚ ኃላፊውን ፈልጎ ሲመጣ «ሥልጠና ላይ ናቸው» የሚለውን መልስ ያልሰማ የለም። ሥልጠናውን አልንቀውም፤ በሆቴል አዳራሾች ጠቃሚ ነገር ተምሬያለሁ። ግን አስቡት። ከሃያ ሠራተኛ አንዱ ሄዶ አምስት ቀን ይቆያል። ሲመለስ የተማረውን ያልሰሙ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ይጠብቁታል። አዳራሹ ውስጥ የሠራው ምሳሌ ከሌላ አገር የመጣ ነው። ከሦስት ወር በኋላ «የተማርከው የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቀውም አይመጣም። የምስክር ወረቀቱ ይቀራል፣ አሠራሩ ግን እንደነበረው ይቀጥላል።

ሌላ መንገድ አለ፤ የተሞከረውም ብዙ ርቀን ሳንሄድ በዓባይ ተፋሰስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በግብፅ አስዋን የጤና ሠራተኞች ግለሰብ ሳይመረጥ በቡድን ሆነው መሪነትን መማር ጀመሩ። እያንዳንዱ ቡድን የገዛ ክፍሉን አንድ ችግር ይመርጣል፣ አሁን ያለበትን በቁጥር ይለካል፣ የት መድረስ እንደሚፈልግ ይጽፋል፣ እንቅፋቱን ከሥሩ ይፈልጋል፣ ከዚያ ወደ ሥራ ይገባል። ትምህርቱ ለወራት ተከፋፍሎ ይሰጣል፤ በመሃል አማካሪ ሥራ ቦታቸው ድረስ ይመጣል። የአገራችን የጤና ሚኒስቴር የአመራር፣ ሥራ አመራርና መልካም አስተዳደር ሥልጠናም ቡድኖች የራሳቸውን የማሻሻያ ፕሮጀክት እንዲሠሩ የሚያደርገው በዚሁ መንፈስ ነው።

የዚህ አሠራር ከባዱ ክፍል ችግሩን በትክክል መሰየም ነው። እኛ የመረጥነው የእርግዝና ክትትልን ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው ምርመራ 12 ሳምንት ሳይሞላ እንዲሆን ይመክራል፤ ወደ እኛ ብዙዎቹ እናቶች የሚመጡት ሆዳቸው ከገፋ በኋላ ነበር። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ምክንያቱን «የእናቶች የግንዛቤ ማነስ» ብለን ጻፍን። አማካሪያችን «ከመካከላችሁ አንዲት እናት የጠየቀ አለ?» አለን። ማንም አልጠየቀም ነበር። ስንጠይቅ የሰማነው ሌላ ነው፤ አዲስ ተመርማሪ የምንመዘግበው በሳምንት ሁለት ጠዋት ብቻ ስለነበር በሌላ ቀን የመጣችውን «ሐሙስ ተመለሺ» እያልን እንሸኛት ነበር። ከሥራ ቀርታ፣ የታክሲ ከፍላ የመጣች ሴት ሐሙስ አትመለስም፤ የምትመለሰው ከወራት በኋላ ነው። ጥፋቱን እናቶች ላይ ጽፈን ቢሆን ኖሮ ፖስተር እየለጠፍን ዓመቱ ባለቀ ነበር። ምዝገባውን በየቀኑ አደረግነው፤ አዋላጅ ነርሶቻችን ተራ ተከፋፍለው ሸፈኑት። ያን ቀን የተማርኩት ከየትኛውም አዳራሽ ትምህርት በላይ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

«ሁሉም ነገር የበጀት ጉዳይ ነው»

የበጀት እጥረት እውነት ነው፤ ያለ ጓንት ያዋለደች ነርስ ፊት ቆሞ «በጀት አያስፈልግም» የሚል ሰው ግፍ ይሠራል። ሆኖም ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። መድኃኒትን እንውሰድ። በአገራችን የመድኃኒት አቅርቦት አሠራር አንድ ጤና ጣቢያ በእጁ እንዲኖረው የሚጠበቀው ቢበዛ የ4 ወር፣ ቢያንስ የ2 ወር ፍጆታ ነው፤ ከ2 ሳምንት ፍጆታ በታች ከወረደ መደበኛውን ጥያቄ ሳይጠብቅ አስቸኳይ ትእዛዝ ያወጣል። ይህ እንዲሠራ የእያንዳንዱ መድኃኒት ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ቢን ካርድ ዕቃ በገባና በወጣ ቁጥር መጻፍ አለበት፣ በየሁለት ወሩ የሚላከው ሪፖርትና መጠየቂያም በጊዜው መድረስ አለበት። ካርዱ ሳይጻፍ ከቆየ የሚላከው ቁጥር ግምት ይሆናል። አንዱ መደርደሪያ ላይ መድኃኒት ጊዜው ሲያልፍበት፣ ሦስት ፌርማታ ርቆ ባለው ጤና ጣቢያ ታካሚው «ከውጭ ግዛ» ይባላል። ማዕከላዊው መጋዘን ራሱ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ኃላፊው አቅም የለውም። ስንቱ እጥረት ከላይ እንደመጣና ስንቱ ከራሳችን ካርድ እንደተነሣ ሳይለዩ ሁሉንም «በጀት» ማለት ግን ታካሚውን መበደል ነው።

ተቋማት የሰበሰቡትን የውስጥ ገቢ ከመንግሥት በጀት በተጨማሪ ለአገልግሎት ማሻሻያ እንዲያውሉት በጤና ፋይናንስ ማሻሻያው መፈቀዱንም ማስታወስ ያስፈልጋል። የሥራ አመራር ቦርዱ ሳይሰበሰብ፣ ዕቅዱም ሳይቀርብ ገንዘቡ ተቀምጦ የሚያልፍበት ዓመት አለ። ሰኔ 30 ደርሶ «ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል?» እያሉ መሯሯጥ የማናውቀው ነገር አይደለም።

«ሪፖርት ለበላይ የሚላክ ወረቀት ነው»

የጤና ተቋም ወርኃዊ ሪፖርት ከወሩ 21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 ያለውን ሥራ ይይዛል፤ በየወሩ በዚያ ሰሞን ግቢው ሁሉ ይጨናነቃል። ሪፖርቱ ከተላከ በኋላ ስንት ቡድን ተቀምጦ ያነበዋል? ከሪፖርቱ 12 ቁጥሮች መርጦ ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር ግማሽ ቀን አይፈጅም። እኛ ስናደርገው የማይገጥሙ ቁጥሮች አገኘን፤ ከነሱም ጋር መዝገብ ላይ እጥፍ ድርብ የምትጽፈውን ነርስ ድካም አገኘን።

«ኃላፊ ካልተፈራ ሥራ አይሠራም»

እኔም አምኜበት ነበር። አዲስ ኃላፊ በሆንኩበት ሰሞን አንዲት ነርስ ለሕፃን የተሳሳተ መጠን ልትሰጥ ስትል ራሷ ደርሳበት መጥታ ነገረችኝ። በሰው ፊት ጮህኩባት። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ስሕተት የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ክፍሉ የተሻሻለ መሰለኝ። ስሕተቱ ግን ከእኔ ተደብቆ ነበር እንጂ አልቀረም። የሕፃናት ክፍል ውስጥ የተደበቀ ስሕተት ምን ማለት እንደሆነ ለጤና ባለሙያ መንገር አያስፈልግም። ቆይቼ ያችን ነርስ በሠራተኞች ስብሰባ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። መልሳ «ሲስተር፣ እኔስ ነገርኩሽ፤ ከኔ በኋላ የፈሩትን አስቢ» አለችኝ።

«ኃላፊ ሲቀየር ሁሉም ይፈርሳል»

ኃላፊ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፤ ይህን የሚያስተባብል የለም። የሚፈርሰው ግን ሥራው በኃላፊው ጭንቅላትና ስልክ ውስጥ ብቻ የኖረ እንደሆነ ነው። ከዚያ ጤና ጣቢያ ስለቅ ለተተኪዬ የጽሑፍ ርክክብ አደረግሁ፤ ያልጨረስናቸውን ችግሮች፣ እያንዳንዱን ማን እንደያዘው፣ ቦርዱ የወሰናቸውን ውሳኔዎች ሁሉ አስቀመጥኩ። በካርድ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ደግሞ በየቀኑ የመጀመሪያው ታካሚ ካርድ የወጣበትን ሰዓት የምንጽፍበት ወረቀት ነበር። ከወራት በኋላ ለጉዳይ ጎራ ስል ወረቀቱ ታድሶ፣ እስከዚያው ቀን ጠዋት ድረስ ተሞልቶ አገኘሁት። አዲሱ ኃላፊ በመጡ ሳምንት ወደ ወረቀቱ እያመለከቱ «ይህን የሚሞላው ማነው?» ብለው ጠይቀው ነበር አሉኝ። እትዬም ከመስኮቱ ኋላ ሆነው «እኔ ነኝ፤ እርስዎ ደግሞ በየሳምንቱ መጥተው ያዩልኛል» ብለዋቸዋል።