ስለ አረጋውያን የኪራይ ቤት የሚወራውና እውነታው

እናቴ 62 ዓመት ሲሞላት «ለሲኒየር ሃውዚንግ» (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አረጋውያን የሚከራይ ቤት ነው) «እናመልክት» ብላት «ልትጥሉኝ ነው እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እዚህ አሜሪካ የእሷንም የጓደኞቿንም ፎርም ስሞላ ቆይቻለሁ። የእነዚህ ቤቶች ቁጥር በቂ አለመሆኑ የታወቀ ነው። ግን ስንቱ ሰው ገና ወረፋ ሳይዝ በሰማው ወሬ ብቻ እንደሚቀር ሳይ ይገርመኛል። በየጊዜው የሚያጋጥሙኝን እነሆ።

«የአዛውንት መጦሪያ ነው»

ይህ የእናቴ ነው። ነርሲንግ ሆም ሌላ ነገር ነው። ይሄኛው ውል ተፈራርመው የሚከራዩት ተራ አፓርታማ ነው፤ ቁልፉ የእርስዎ፣ ወጥ ቤቱም የእርስዎ። መድኃኒት ዋጡ አልዋጡ ብሎ በር የሚያንኳኳ የለም። አንዳንዱ ሕንፃ የአገልግሎት አስተባባሪ አለው፤ የሜዲኬድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የሕክምና ሽፋን) ደብዳቤ ግራ ሲያጋባ የሚያስረዳ፣ የቤት ውስጥ ረዳት የሚያፈላልግ ሰው ማለት ነው። መጠቀም ግን ግዴታ አይደለም።

«ኪራዩ የገቢዬ 30 በመቶ ነው»

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ፤ ወሬው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው ሰው የሚሸወደው። «ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አረጋውያን» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው ሁለት ሕንፃዎች አንድ መንገድ ላይ ቆመው ደንባቸው ለየቅል ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው ዓይነት በ1959 በወጣው የቤቶች ሕግ የተጀመረው «ሴክሽን 202» የሚባል የፌዴራል መንግሥት ፕሮግራም ነው። 62 ዓመት ለሞላቸው የተዘጋጀ ነው፤ ሕንፃዎቹን የሚሠሩትና የሚያስተዳድሩትም በአብዛኛው ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች ናቸው። እዚህና ሴክሽን 8 የሚባለው የመንግሥት የኪራይ ድጎማ ባለባቸው ሕንፃዎች ተከራዩ የሚከፍለው በአብዛኛው ተቀናሹ ከተነሳለት ገቢው ላይ 30 በመቶውን ነው። በ2025 አንድ ሰው የሚያገኘው ከፍተኛው የፌዴራል ኤስኤስአይ (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች መንግሥት በየወሩ የሚሰጠው ገንዘብ) በወር 967 ዶላር ነበር። ሌላ ገቢ ለሌላቸው እናት 30 በመቶው 290 ዶላር ገደማ ነው፤ የአረጋውያን ተቀናሽና ከተወሰነ ልክ ያለፈ የሕክምና ወጪ ሲቀነስላቸው ከዚያም ዝቅ ይላል።

ሁለተኛው ዓይነት በ1986 በተጀመረው የታክስ ክሬዲት፣ ማለትም ለቤት ሠሪዎች በሚሰጥ የግብር ቅናሽ የተሠራ ነው። የዚህ ኪራይ ጣሪያ የሚወጣው ከእርስዎ ገቢ ሳይሆን ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ ተነስቶ ነው፤ ብዙ ጊዜ የዚያ ገቢ 50 ወይም 60 በመቶ ለስሌቱ መነሻ ይሆናል። የእርስዎ ገቢ ቢቀንስ ኪራዩ አብሮ አይቀንስም። ኑሮ በተወደደበት ከተማ «ተመጣጣኝ» የተባለው ኪራይ ከኤስኤስአዩ ሊበልጥ ይችላል፤ ስሙ ራሱ ያስቃል። የሴክሽን 8 ቫውቸር (ከኪራዩ ከፊሉን መንግሥት የሚከፍልበት ሰነድ) በእጅ ካለ ግን ነገሩ ይቀየራል፤ ታክስ ክሬዲት የወሰደ አከራይ ቫውቸር ስለያዙ ብቻ አልቀበልም ማለት አይችልም።

ስለዚህ ስልክ ሲደውሉ «ቦታ አለ?» ከማለትዎ በፊት «ኪራዩ እንደ ገቢ ነው ወይስ ቁርጥ?» ብለው ይጠይቁ።

«ዜግነት ይጠይቃል»

አይጠይቅም። ግሪን ካርድ ያለው፣ በስደተኝነት የገባ ወይም ጥገኝነት የተሰጠው ሰው ለቤት ድጎማ ማመልከት ይችላል። ኤስኤስአይ ለዜጋ ላልሆነ ሰው የራሱ ጠበቅ ያለ ደንብ አለው፤ ሁለቱን እያምታታን ነው የምናወራው።

«አንድ ቦታ አመልክቻለሁ፤ ይጠሩኛል»

ሁሉን የሚያገናኝ አንድ ወረፋ የለም። በአብዛኛው እያንዳንዱ ሕንፃ የራሱን ዝርዝር ይይዛል፤ አንዱ ጋ ሲያመለክቱ ሌላው አያውቅዎትም። በፌዴራል ድጎማ የሚተዳደሩ ሕንፃዎች የማመልከቻ ገንዘብ መጠየቅ ስለማይፈቀድላቸው አምስት ስድስት ቦታ ማመልከት የሚያስከፍለው ቴምብርና ትዕግሥት ነው።

አንዲት የእናቴ ጓደኛ «አንዱን እስቲ እይልኝ» ብለው ፌስታል ሙሉ ፖስታ ይዘው መጡ። ከኢንሹራንስ ማስታወቂያ መሀል ያልተከፈተ ስስ ፖስታ አገኘሁ። «ቤቱን አሁንም ይፈልጋሉ? እስከዚህ ቀን ይመልሱ» ይላል። ቀኑ ካለፈ አምስት ወር ሆኖታል። አራት ዓመት የጠበቁበት ወረፋ ላይ ስማቸው ተሰርዟል። እሳቸው እኮ ማስታወቂያ መስሏቸው ነው ያልከፈቱት። አድራሻ ወይም ስልክ ሲቀይሩም ላመለከቱበት ሕንፃ ሁሉ በየተራ ማሳወቅ አለብዎት።

የ«አልተቀበልንዎትም» ደብዳቤ ከመጣም ወረቀቱን አይጣሉት። ድጎማ ባለበት ሕንፃ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መመለስ ወይም ተገናኝቶ ለመነጋገር መጠየቅ ይቻላል።

«ልጆቼ ሥራ ስላላቸው አይሰጡኝም»

አብሮ የማይኖር ልጅ ደሞዝ አይቆጠርም። በየወሩ አዘውትሮ የሚሰጥዎት ገንዘብ ግን ገቢ ነው፤ ይጻፋል። «ቤቱን በልጄ ስም አዙሬ ላመልክት» የሚሉም አሉ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ከዋጋው በታች የሰጡት ንብረት እንዳለ ሆኖ ይቆጠራል፤ ደብቀው ቢገኙ ደግሞ ጣጣው ይብሳል።

«ሰው አብሮኝ ማደር አይችልም»

እንግዳ ይመጣል፤ ስንት ቀን እንደሚቆይ ውሉ ላይ አለ። በጤና ምክንያት ለእንክብካቤ አብሮ የሚኖር ረዳት ካስፈለገ ማስረጃ አቅርቦ ማስፈቀድ ይቻላል፤ የረዳቱ ገቢ ከእርስዎ ጋር አይደመርም። እርስዎ ሲለቁ ግን ረዳቱ ቤቱን አይወርስም። ልጅዎ ረዳት ሆኖ ሊገባ ካሰበ ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

«ኪራዬን እስከከፈልኩ አገር ቤት የፈለግሁትን ያህል እቆያለሁ»

ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ድጎማ ባላቸው ሕንፃዎች ከ60 ተከታታይ ቀን በላይ መጥፋት ቤት እንደ መልቀቅ ሊቆጠር ይችላል፤ በሕክምና ምክንያት ሲሆን 180 ቀን ድረስ ይታገሳሉ። ኤስኤስአይ ደግሞ ከዚያም ያጥራል፦ ከአሜሪካ ውጭ 30 ተከታታይ ቀን ከቆዩ ይቆማል፤ ተመልሰው 30 ተከታታይ ቀን እስኪደፍኑም አይቀጥልም። እናቴ ባለፈው ስትሄድ 27ኛው ቀን ላይ የሚመልሳትን ትኬት ነው የቆረጥንላት። እስካሁን ታኮርፈኛለች።