የሐዲድ ሠራተኞች የደኅንነት ሥልጠና በአሜሪካ

በአሜሪካ የባቡር ሐዲድ የሚጠግን ሠራተኛ መስመር ላይ ከመሰማራቱ በፊት ራሱን ከባቡር አደጋ የሚጠብቅበትን ሥልጠና መውሰድ አለበት። ግዴታውን የጣለው የፌዴራል የባቡር አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ ያወጣው፣ በ1997 መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው ደንብ ነው። ለባቡር ነጂዎች የሚሰጠውን የመሰለ በፌዴራል ደንብ የተደነገገ የምስክር ወረቀት ለሐዲድ ሠራተኞች የለም፤ የሚያሠለጥነውም ብቁነታቸውን የሚያረጋግጠውም አሠሪው ነው። ሥልጠናው በየዓመቱ ይታደሳል።

ከሐዲዱ ውጫዊ ጎን በ4 ጫማ ማለትም በ1.2 ሜትር ክልል ውስጥ የገባ ሰው አደጋ ቀጣና ውስጥ እንዳለ ይቆጠራል። ባቡር መምጣቱን የሚያስጠነቅቅ ዘብ ቆሞ ሲሠራ፣ ሁሉም ሠራተኛ ባቡሩ ከመድረሱ ቢያንስ 15 ሰከንድ ቀድሞ ደኅና ቦታ መያዝ አለበት። በሰዓት 96 ኪሎ ሜትር የሚበር ባቡር በ15 ሰከንድ 400 ሜትር ይጓዛል። ከሐዲዱ ለመውጣት የሚፈጀው ጊዜ ሲታከልበት ዘቡ ከዚያም አርቆ ማየት ይኖርበታል። ለዚህም ነው ደንቡ ሌላ ምንም ሥራ እንዳይሰጠው የሚከለክለው፤ አካፋ ማቀበልም ቢሆን።

ሥልጠና ብቻውን ሰው አያድንም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 3 ቀን 2016 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ቼስተር አጠገብ በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዝ የነበረ የአምትራክ (የአሜሪካ ብሔራዊ የመንገደኞች ባቡር ድርጅት) ባቡር ሐዲድ ላይ የነበረን የቁፋሮ ማሽን መትቶ ሁለት ሠራተኞች ሞቱ። የሌሊቱ ፎርማን ባቡር እንዳያልፍ ያዘጋበትን ፈቃድ መልሶ ነበር፤ የቀኑ ፎርማን ደግሞ አዲስ ፈቃድ አልወሰደም። ሁለቱን ሐዲዶች አገናኝቶ መስመሩ መያዙን ለባቡር እንቅስቃሴ ተቆጣጣሪው የሚያሳየው መሣሪያም አልተገጠመም። በእኔ እምነት የፈረቃ ርክክብ ከየትኛውም የሥልጠናው ክፍል ይበልጥ ተደጋግሞ ሊለማመዱት የሚገባ ነው።

ደንቡ ከሥራ በፊት ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ገለጻ እንዲደረግና ሠራተኛውም መረዳቱን እንዲያረጋግጥ ያዛል። ጥበቃው የባቡር ድርጅቱን የደኅንነት መመሪያ አያሟላም ብሎ በቅን ልቦና ያመነ ሠራተኛ፣ ትናንት የተቀጠረም ቢሆን፣ ጉዳዩ እስኪፈታ ድረስ ሐዲዱ ላይ ላለመውጣት መብት አለው። ይህ አንቀጽ የደንቡ ልብ ነው፤ የበታቹን ሠራተኛ ቃል ከፎርማኑ ትእዛዝ እኩል ያቆማል። አሠሪውም እንዲህ ያለው ቅሬታ በፍጥነት የሚፈታበትን ሥርዓት በጽሑፍ እንዲያዘጋጅ ይገደዳል።