ጭንቀት ጨጓራ ይልጣል?

ሰው ሲያናድደን «ጨጓራዬን ላጠው!» እንላለን። አባባሉ ስለሚጥም ይሆን እንጃ፣ ብዙዎቻችን ቃል በቃል አምነነዋል።

«የጨጓራ ቁስለት የሚመጣው ከጭንቀት ነው»

ሐኪሞችም ለረጅም ዘመን እንደዚያ ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ሮቢን ዋረን እና ባሪ ማርሻል የተባሉ አውስትራሊያውያን፣ ዛሬ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የምትባለውን ባክቴሪያ ከታማሚዎች ጨጓራ ወስደው ላብራቶሪ ውስጥ አሳደጓት። ቁስለቱን የምታመጣው እሷ ናት ቢሉም የሚያምናቸው ሲጠፋ፣ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያዋ ያለችበትን ፈሳሽ ግጥም አድርጎ ጠጣ። ከቀናት በኋላ ያስመልሰው ጀመር፤ ጨጓራው ሲታይም ተቆጥቷል። (ቁስለት ግን አልወጣበትም፤ ይቺን ብዙዎች ያጋንኗታል።) በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ።

ሌላው ዋና መንስኤ እንደ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪን ያለ መድኃኒት ነው። ነገሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሄዳል፦ ሰውዬው ይጨነቃል፣ ራሱን ያመዋል፣ በየቀኑ አይቡፕሮፌን ይውጣል። ቁስለቱ ሲመጣ ጥፋተኛው ጭንቀት ይሆናል፤ ኪኒኑን የሚጠረጥረው የለም።

«እንግዲያው ጭንቀት ምንም አያደርግም»

ይሄም ልክ አይደለም። አንጎልና ጨጓራ በነርቭ የተያያዙ ናቸው። ስንጨነቅ አሲዱ የግድ አይበዛም፤ የጨጓራችን ስሜት ግን ይሰላል። ትናንት ያልተሰማን አሲድ ዛሬ ያንገበግበናል። ስለዚህ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ጨጓራን ማየት) ታይቶ «ምንም የለብህም» የተባለ ሰው ሕመሙ የውሸት አይደለም። ከባድ ጭንቀት ደግሞ የነበረውን ሊያባብስ ይችላል። በ1995 ጃፓን ውስጥ ኮቤን ከመታው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ፣ ቁስለታቸው የደማባቸው ሰዎች በርክተው ነበር።

«ወተት ያበርደዋል»

ለትንሽ ጊዜ፣ አዎ። ከዚያ በወተቱ ውስጥ ያለው ካልሲየምና ፕሮቲን ጨጓራው ተጨማሪ አሲድ እንዲያመነጭ ያደርጋል።

«ኦሜፕራዞል ካለ ምን ችግር አለ»

ኦሜፕራዞል አሲድ ይቀንሳል እንጂ ባክቴሪያዋን ብቻውን አያጠፋትም። እሷን ለማጥፋት አንቲባዮቲኮች ይጨመራሉ፤ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ 14 ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥ የተለመደ ጥፋት ነው። የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ሲታዘዝላችሁም ኦሜፕራዞል እየወሰዳችሁ ከሆነ ለሐኪሙ ተናገሩ። ከምርመራው በፊት ለ2 ሳምንት ካልቆመ፣ ባክቴሪያዋ እያለች «የለችም» ሊል ይችላል።

ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ትውከት ደም ካለበት ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው።