ዓሣ መምሸቱን የሚያውቀው በዓይኑ ብቻ አይደለም

በሸዋ ሮቢት አካባቢ ኩሬ ቆፍረው ቆሮሶ ከሚያረቡ ሰዎች ጋር በተገናኘሁ ቁጥር አንድ ነገር እሰማለሁ። «ዓሣ ቀንና ሌሊት የሚለየው በዓይኑ ነው። መብራት ቢበራበት ፊቱን ያዞራል፤ ምን ይሆናል?» በእውነት ሰልችቶኛል።

እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት ነገሩን ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። ተመራማሪዎች ዜብራፊሽ የተባለውን ትንሽ የቤተ ሙከራ ዓሣ ልብና ኩላሊት አውጥተው በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ አቆዩ። ዓይን የለም፤ አንጎልም የለም። የብርሃኑንና የጨለማውን ሰዓት ሲገለብጡት ግን የልቡም የኩላሊቱም ውስጣዊ ሰዓት፣ ማለትም ቀንና ሌሊትን የሚከተለው የህዋሶቹ ዑደት፣ አብሮ ተገለበጠ።

ምክንያቱ ኦፕሲን የሚባሉት ፕሮቲኖች ናቸው። ኦፕሲን ከቫይታሚን ኤ የሚገኝ ትንሽ ሞለኪውል አቅፎ ይይዛል። ብርሃን ሲያርፍበት ሞለኪውሉ ቅርጹን ይለውጣል፤ ፕሮቲኑም ይነቃል። መልእክቱ ወደ ህዋሱ ውስጥ ሲዘልቅ ፐር2 የተባለው ዘረመል ሥራ ይጀምራል፤ ሰዓቱም ይስተካከላል። ዜብራፊሽ ከ40 በላይ የኦፕሲን ዘረመሎች አሉት። ለማየት የሚያገለግሉት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው።

አንድ አርቢ ሌባ ፈርቶ የዓሣ ጫጩት ገንዳው ላይ ሌሊቱን ሙሉ አምፖል ያበራ ነበር። ጫጩት እኮ ሰውነቱ ስስ ነው፤ ከጎን ባትሪ ብታበሩበት አከርካሪው ይታያል። ዓይኑን ቢያዞር ሰውነቱን የት ይደብቃል? አምፖሉን ወደ አጥሩ አዙሩት ብያለሁ፤ ለሌሎቻችሁም የምለው ይህንኑ ነው።

ሌሎችም የምሰማቸው አባባሎች አሉ። «ዓይኑን ስለማይከድን አይተኛም።» ይተኛል። ዓይኑን የማይከድነው የዓይን ቆብ ስለሌለው ነው።

«በጨለማ ሰዓቱ ይቆማል።» አይቆምም፤ በራሱ ይዞራል። ብርሃን የሚያስተካክለው እንጂ የሚያንቀሳቅሰው አይደለም።

«እንግዲያው የእኛም ጉበት ብርሃን ያያል ማለት ነው።» ኧረ በፍጹም! በሰው የብርሃኑ ወሬ የሚገባው በዓይን ነው፤ ከዚያ ወደ አንጎል ያልፋል።

«ዕውር የዋሻ ዓሣ ሰዓት የለውም።» ይኼም ስህተት ነው። በጎረቤታችን ሶማሊያ ከመሬት በታች የሚኖር ዓይን አልባ ዓሣ አለ። ሁለት ኦፕሲኖቹ ስለተበላሹ ብርሃን ሰዓቱን አያስተካክልለትም። ሰዓቱ ግን አለ፤ አንድ ዙሩ 47 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ሲመገብ ደግሞ ከምግቡ ጋር ይገጥማል።

ምግብም ምልክት ነውና ዛሬ 2 ሰዓት፣ ነገ 9 ሰዓት እያላችሁ አታምታቱት። ጠዋት 3 ሰዓት ካላችሁ በየቀኑ 3 ሰዓት ይሁን፤ የበዓል ቀንም ቢሆን።