ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ለምን አይፈነዳም?

ሶዲየም ውሃ ሲነካው ይጋያል። ክሎሪን መርዛማ ጋዝ ነው። ሁለቱ ሲዋሃዱ ግን ወጥ ያጣፍጣሉ። ምስጢሩ ሁለቱም አዮን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያላቸው አቶሞች፣ መሆናቸው ነው። ስለ አዮን ደግሞ ከትምህርት ቤት ይዘናቸው የወጣን ስህተቶች አሉ።

«ፖዘቲቭ አዮን ፕሮቶን የጨመረ አቶም ነው።»
አይደለም። ፕሮቶን የአቶሙ እምብርት በሆነው ኒውክለስ ውስጥ ነው፤ በኬሚካላዊ ለውጥ ንቅንቅ አይልም። ሶዲየም 11 ፕሮቶን አለው። አንድ ቢጨመርበት ማግኒዥየም ይሆናል እንጂ ሶዲየም አይባልም። የሚሄደውና የሚመጣው ኤሌክትሮን ነው። ከ11 ኤሌክትሮኖቹ አንዱ ሲወሰድበት 11 ፕሮቶን ለ10 ኤሌክትሮን ይቀራል፤ ሂሳቡ +1። ያቺ የመደመር ምልክት የምትናገረው ስለ ጎደለው ነገር ነው። ብዙዎቻችንን የሸወደችን እሷ ናት።

«ሶዲየም ኤሌክትሮኑን በደስታ ይሰጣል።»
«በውጭኛው ሽፋኑ 8 ኤሌክትሮን እንዲሞላለት ስለሚፈልግ» ተብለን ተምረናል። አቶም ምን ፍላጎት አለው? ኤሌክትሮኑ የሚወጣው በጉልበት ነው፤ ለአንድ ሞል (ኬሚስቶች አቶም የሚቆጥሩበት ቋሚ ብዛት ነው) 496 ኪሎጁል ገደማ ይጠይቃል። ክሎሪን ኤሌክትሮኑን ሲቀበል የሚመልሰው ደግሞ 349 ገደማ ብቻ ነው። እስከዚህ ድረስ ንግዱ ኪሳራ ነው። ትርፉ የሚመጣው የተፈጠሩት አዮኖች ተሳስበው ክሪስታል ሲሠሩ ነው፤ ያኔ 787 ኪሎጁል ያህል ይለቀቃል። ይህን ሂሳብ ማንም ሳያሳየኝ ነው ያደግኩት፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

«ጨው አዮን የሚሆነው ውሃ ውስጥ ሲገባ ነው።»
ስዊድናዊው ኬሚስት አርሄኒየስም በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ጨው ውሃ ውስጥ ወደ አዮን ይከፋፈላል ብሎ ነበር፤ ስለዚህ ብዙ አንፈር። በ1913 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ሊቁ ላውረንስ ብራግ ክሪስታሉን በኤክስሬይ ሲመረምር ግን ጥንድ ጥንድ ሆነው የተቀመጡ ሶዲየምና ክሎሪን አላገኘም። እያንዳንዱ ሶዲየም በ6 ክሎሪን ተከቧል፤ ክሎሪኑም እንዲሁ በ6 ሶዲየም። ከዳሎል አካባቢ ተቆርጦ በግመል የሚጓዘው አሞሌ ገና ደረቅ ሳለ አዮን ነው። ኤሌክትሪክ የማያሳልፈው አዮኖቹ ከቦታቸው መንቀሳቀስ ስለማይችሉ ነው። ውሃ ይለያያቸዋል እንጂ አይፈጥራቸውም። በ801 ዲግሪ ሴልሺየስ አቅልጡት፤ ያለ አንዲት ጠብታ ውሃ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል።

«የጨው ውሃ ቻርጅ አለው።»
የለውም። ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ እኩል ናቸው፤ ይጣፋሉ።

«አዮንና አዮዲን አንድ ናቸው።»
ስማቸው ነው የሚያምታታው። አዮዲን ራሱን የቻለ ንጥረ ነገር ነው፤ አዮን ግን ማንኛውም ቻርጅ ያለው አቶም ነው። የአቶሞች ስብስብም ሊሆን ይችላል። ለእንቅርት መከላከያ ጨው ላይ የሚጨመረው አዮዴት አንድ አዮዲንና 3 ኦክስጅን ነው፤ አራቱ በአንድነት አንዲት ትርፍ ኤሌክትሮን ይዘው ይዞራሉ።