ከቨር ምንድን ነው? የ«ቴንትድ ላቭ» ዘፈን ታሪክ

ከቨር ማለት አንድ ድምፃዊ ወይም ባንድ አስቀድሞ ሌላ ሰው የተጫወተውን ዘፈን፣ ግጥሙንና ዜማውን ይዞ፣ በራሱ ድምፅና ቅንብር እንደገና ሲጫወተው ነው። ከሪሚክስ ጋር ይምታታል፤ ሪሚክስ ግን የሚነሳው ከተቀዳው ድምፅ ነው። በስቱዲዮ ውስጥ ድምፃዊው፣ ከበሮው፣ ቤዙና ኪቦርዱ በየራሳቸው ትራክ ስለሚቀዱ፣ ሪሚክስ የሚሠራው ባለሙያ ትራኮቹን መልሶ ይፈታና አንዱን አጉልቶ፣ ሌላውን ቀንሶ፣ አንዳንዴም አዲስ ምት ጨምሮ እንደገና ያዋህዳቸዋል። ከቨር አንድን ዘፈን ምን ያህል ሊለውጠው እንደሚችል ለማየት ከ«ቴንትድ ላቭ» የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ርዕሱ «የተበከለ ፍቅር» እንደ ማለት ነው፤ የሚጎዳውን ፍቅር ትቶ ለመሄድ የቆረጠ ሰው ዘፈን ነው። የደረሰው አሜሪካዊው ኤድ ኮብ ሲሆን፣ ግሎሪያ ጆንስ በ1964 ተጫውታዋለች (ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። በተከታዩ ዓመት ሲወጣ በሸክላው ሁለተኛ ገጽ ላይ ስለነበር እምብዛም ሰሚ ሳያገኝ አለፈ። ኋላ በ1970ዎቹ፣ ሶል የተባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ የያዙ የተረሱ ሸክላዎችን እያደኑ የሚያጫውቱ የሰሜን እንግሊዝ ጭፈራ ቤቶች አነሱት።

በ1981 ማርክ አልሞንድና ዴቪድ ቦል፣ «ሶፍት ሴል» በተባለው ጥምረታቸው፣ ዘፈኑን በሲንቴሳይዘር፣ ማለትም ድምፅን በኤሌክትሮኒክ መንገድ በሚፈጥር መሣሪያ፣ ሠሩት። የግሎሪያ ጆንስ ቅጂ የሚሮጥ ሰው እስትንፋስ ያለበት ፈጣን ዘፈን ነው። እነርሱ ፍጥነቱን ቀነሱ፣ ድምፁን ዝቅ አደረጉ፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹንም አወጡ። በምትካቸው ገና ከመነሻው ጀምሮ እየተመላለሰ የሚሰማ፣ ደረቅና አጭር ድርብ ምት ገባ። የአልሞንድ ሞቅ ያለ ድምፅ በዚያ ቀዝቃዛ የማሽን ድምፅ መካከል ሲወጣ፣ ዕቃው ሁሉ በወጣለት ቤት ውስጥ ብቻውን የቀረ ሰው ይመስላል። ነጠላ ዜማው በብሪታንያ አንደኛ ሆነ፤ በአሜሪካ የቢልቦርድ 100 ሠንጠረዥም ላይ 43 ሳምንታት ቆየ።

ባለ 12 ኢንች ሸክላ ላይ የወጣው ረጅም ቅጂ ደግሞ ለብቻው ሊደመጥ ይገባዋል። ሰፊው ሸክላ ለረጅም ሙዚቃ ቦታ ስላለው ዘፈኑ አያበቃም፤ ምቱ ሳይቋረጥ «ፍቅራችን ወዴት ሄደ» ወደሚለው የአሜሪካዊው የሴቶች ቡድን የሱፕሪምስ ዘፈን ይሻገራል። እተዋለሁ ብሎ የወጣው ሰው በዚያው ምት ላይ መልሶ ሲጠይቅ ይሰማል። እንዲህ ያለ ጥበብ ግን ዋጋ አስከፍሏል። የደራሲነት ክፍያ የሚሄደው ለደራሲው ነው፤ የነጠላው ሁለቱም ገጾች ከቨር ስለነበሩ ሁለቱ ወጣቶች ከዚያ ሁሉ ሽያጭ የደራሲነት ድርሻ አላገኙም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያሳዝነኛል።

ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው የ1985ቱ ቅጂ ነው። «ኮይል» የተባለው የእንግሊዝ ቡድን ዘፈኑን ቀብር እንደሚሸኝ ሙዚቃ እጅግ አዘገየው፤ ገቢውንም በኤድስ ለተጠቁ ሰዎች ለሚሠራው ለቴሬንስ ሂጊንስ ትረስት አዋለው። ከግጥሙ የተለወጠ ነገር የለም። ሆኖም «የተበከለ» የሚለው ቃል በዚያ ዘገምተኛ ምት ላይ ሲወጣ ስለ ክህደት መናገሩን ይተውና ስለ ደም፣ ስለ በሽታና ስለ መገለል መናገር ይጀምራል። የኤድስን ክፉ ዘመን ያየ አንባቢ ለዚህ ማብራሪያ አያሻውም። አልሞንድ ራሱ በቪዲዮው ላይ ታይቷል።

አሜሪካዊው የሮክ ዘፋኝ ማሪሊን ማንሰን በ2001 በጩኸትና በጊታር አጅቦ ለፊልም ተጫውቶታል። ሪሃና በ2006 ባወጣችውና በአሜሪካ አንደኛ በሆነው «ኤስ ኦ ኤስ» ላይ የሚሰማው ግን ከቨርም ሪሚክስም አይደለም። ሳምፕል ይባላል፤ ከሶፍት ሴል ቅጂ ላይ ያ የሲንቴሳይዘር ምት ተቆርጦ ለአዲስ ዘፈን መሠረት ሆኗል። በደራሲዎቹ ዝርዝር ውስጥ የገባው ስም ግን በ1999 ያረፈው የኤድ ኮብ ነው።