ምክንያቱ ሳይታወቅ ፅንስ መውረድ ለሚደጋገምባቸው ሴቶች የደም ማቅጠኛ፦ ስህተቱና እውነታው

ሁለት ሶስት ጊዜ ፅንስ የወረደባት ሴት ክሊኒክ ገብታ ገና ሳትቀመጥ "ክሌክሳን ጻፍልኝ" (ከሄፓሪን ወገን የሆነው የደም ማቅጠኛ መርፌ ነው) ማለት ከጀመረች ቆየች፣ በየቀኑ ስለምሰማው እዚሁ ልመልሰው።

"የሚወርደው ደሟ ስለወፈረ ነው።" አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሶስት ወራት ከሚወርዱት ግማሽ ያህሉ በፅንሱ የክሮሞዞም ችግር ነው፣ እሱን ደግሞ የትኛውም መርፌ አያስተካክለውም።

"መርፌው ፅንሱን ይጎዳል።" ሄፓሪን እንግዴ ልጁን አያልፍም። የሚያልፈውና የሚያሰጋው ዋርፋሪን የሚባለው ሌላው የደም ማቅጠኛ ነው፣ አታምታቷቸው።

"እሷ ተወግታ ወለደች እኮ!" እዚህ ጋ ትዕግስቴ ያልቃል። ባትወጋስ አትወልድም ነበር ያለው ማነው? እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የኔዘርላንድ ጥናት ምክንያቱ ያልታወቀባቸውን 364 ሴቶች በዕጣ ሶስት ቦታ ከፈላቸው፣ አስፕሪንና መርፌ የወሰዱት 54.5 በመቶ ወለዱ፣ አስፕሪን ብቻ የወሰዱት 50.8፣ መድኃኒት የሌለበት ኪኒን የተሰጣቸው ደግሞ 57! ልዩነቱ ትርጉም ያለው አይደለም ግን መርፌው ምንም እንዳልጨመረ አያችሁ አይደል? በዘር የሚመጣ የደም መርጋት ችግር ያለባቸውም ላይ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ጥናት ያው ነው፣ ከመርፌ ጋር 72፣ ያለ መርፌ 71 በመቶ ወለዱ። ከግማሽ በላይ ያለ መድኃኒት ይወልዳሉ ማለት እኮ ትልቅ ተስፋ ነው፣ ለምን እንደማይነገራቸው አይገባኝም።

"ባይጠቅምም አይጎዳም።" ማን አለ? አንዷ ታካሚዬ ባሏ ማታ ማታ እየወጋት እንብርቷ ዙሪያ በልዞ መውጊያ ቦታ ጠፍቶ ነበር፣ ማንም ያላዘዘላትን ነው ከጓደኛዋ ሰምታ የጀመረችው። መድማት አለ፣ አልፎ አልፎ ፕሌትሌት (ደም እንዲቆም የሚረዳው የደም ሴል) ይወርዳል፣ ምጥ ሲመጣ ደግሞ ደም እንዳይረጋ ለመከላከል የሚሰጠው ዝቅተኛው መጠን ከተወጋ 12 ሰዓት ካልሞላው ጀርባ ላይ የሚሰጠው ማደንዘዣ ይከለከላል።

"እንግዲያው መርፌው ለማንም አይጠቅምም።" ይሄም ስህተት! አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድረም (ሰውነት ራሱ በሚሰራው ፀረ እንግዳ አካል ደም የሚረጋበትና ፅንስ የሚወርድበት በሽታ) ላለባት ሴት አስፕሪንና ሄፓሪን አብረው በደንብ ይጠቅማሉ። ምርመራው ግን ቢያንስ በ12 ሳምንት ልዩነት ሁለቴ ፖዘቲቭ መሆን አለበት፣ በአንድ ውጤት አይፈረድም። በፊት እግሯ ወይ ሳንባዋ ላይ ደም የረጋባትም ጉዳይዋ ሌላ ነው። እነዚህ እህቶች ይሄን አንብባችሁ መድኃኒታችሁን እንዳታቆሙ አደራ!

ሌሎቻችሁ የአንቲፎስፎሊፒድ፣ የታይሮይድና የማህፀን ቅርፅ ምርመራ መሰራቱን አረጋግጡ፣ ፎሊክ አሲድ ከማርገዛችሁ በፊት ጀምሩ፣ መርፌ ሲታዘዝላችሁም "የትኛውን ውጤቴን አይተው ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ መልስ የማግኘት መብት አላችሁ።